«ልጄን ልታከሱብኝ ነው?»

ሰው መጠየቅ እወዳለሁ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትደውል «ዛሬስ የማንን ጓዳ ስታስሺ ዋልሽ?» ትለኛለች። ነቀምቴ ላይ ስለ ወፋፍራም ተማሪዎች ለሚደረግ ጥናት ነርስ ሲፈለግ፣ ሥራው ቀኑን ሙሉ መጠየቅ መሆኑን እንደሰማሁ ዘልዬ ገባሁ። አንዱ ቡድን ከአሰልጣኝ ጋር ስፖርት አሁኑኑ ይጀምራል፣ ሌላው ከወራት በኋላ፤ ሁለቱም እየተመዘኑ ልዩነቱ ይታያል።

ከሁሉ በፊት ግን እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነበረብን። ወላጅ ምን ይሠራል? ትምህርት ቤት በምን ትሄዳላችሁ? ይሄ ለእኔ ድግስ ነበር። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተያይዞ በባጃጅ የሚመላለስ ልጅ አገኘሁ። ከዲጋ ገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚማር ጎረምሳ ደግሞ እዚያ እያለ ቀጭን እንደነበረ ነገረኝ። እዚህ ምን አግኝቶ እንደወፈረ ብጠይቀው «እዚያ ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው» አለኝ። ስንቱን የምግብ ጥያቄ ይዤ ስዞር፣ ስለ ውሃ መቅዳት መጠየቅ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

በመመዘኛው ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመን። ለምርመራ ደም ስለሚሰጡ ቁርስ ሳይበሉ እንዲመጡ ነግረናቸዋል፤ እነሱ ግን ከንፈራቸው በቅቤ እያብለጨለጨ መጡ። እናቶቻቸው ጨጨብሳ አብልተው፣ «ሚዛን ላይ እንዳታሳፍሩን» ብለው ነው የላኳቸው። እዚህ ሚዛን ይዞ የሚመጣ ጤና ባለሙያ ምንጊዜም የሚፈልገው የከሳ ሕፃን ነበር፤ ልጇ ክብደት ያነሰባት እናት ትታማለች። «ልጅሽ ተመርጣለች» የተባሉት ሁሉ እንደ ሽልማት ቆጥረውታል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ግን እኔ ራሴ እናቴ ጋ ስሄድ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ስባል እንዴት ደስ እንደሚለኝ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ሌላ ቀን ቀጥረን መለስናቸው።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ሳትበላ መጥታ አግዳሚው ላይ ቀድማ ተቀምጣለች። የፈቃድ ቅጹን ግን ወላጅ አልፈረመላትም።

«ለምን ፈለግሽው?» አልኳት።

«መሮጥ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት ስሮጥ ይስቁብኛል። እዚህ ግን ሁላችንም ወፍራሞች ነን።»

አንጀቴን በላችው። ገበያ ቅቤ ወደሚሸጡት እናቷ ሄድኩ። «አካም ጅርቱ አዴ» አልኳቸው፤ ከሰላምታ ወዲያ ኦሮምኛዬ ብዙም አያራምደኝም። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ በአማርኛ መለሱልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቅቤውን በኮባ መጠቅለላቸውን ተዉት።

«ሲስተር፣ ልጄን ልታከሱብኝ ነው?»

«ለጤናዋ ነው እኮ፣ አዴ።»

«ታላቋም መጀመሪያ ክስት ነው ያለችው። ሰው ሁሉ ሸንቀጥ አለች፣ አማረባት ሲላት እኔም ደስ አለኝ። ሐኪም ቤት ስወስዳት ጊዜው አልፎ ነበር። ይቺኛዋን እንዳትከሳብኝ እየተጠነቀቅኩ ነው ያሳደግኋት።»

የእኔ ነገር፣ በሽታዋ ምን ነበር ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። አፈርኩና ዘጋሁት። ማንም በግድ እንደማይገባ ነግሬያቸው ወጣሁ። ለልጅቷ መንገር ግን ከበደኝ፤ ሳታለቅስ «እሺ» ብላ ሄደች፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ እናትየው ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሯችን ገቡ። ዩኒፎርሟ ሰፍቷታል። ምሳዋን ለጓደኞቿ እየሰጠች፣ ራት ላይ ሆዴን አመመኝ እያለች ለብቻዋ ልትከሳ ተነስታ ኖሯል። ደሜ ፈላ።

«ማነው መብላት ተዪ ያለሽ? ቁርሱን ያልበላ ልጅ እኛ ሜዳ አይገባም!» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

እናትየው ግን ጩኸቴን አልሰሙም፤ ሚዛኑን ነበር የሚያዩት።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትመዝኗት?»

«በየወሩ።»

«የሚመዝናት ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አከሳሷ ደስ ካላለሽስ?»

«ስፖርቱን አስቁሜ ለሐኪም አሳያታለሁ። ለእርስዎም የዚያኑ ቀን እነግርዎታለሁ።»

እዚያ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቅጹንና እስክሪብቶውን ሳቀብላቸው ፈረሙ።

«እንግዲያው እዚህ ትክሳ» አሉ። «ታላቋ ስትከሳ የማያት ብቻዬን ነበርኩ።»