መሐሉን ብቻ ያዩ ሰው

ጋሼ ዘለቀ እዚህ አሜሪካ፣ ዳውንታውን መሐል ከተማው ላይ ካለ አንድ ቲያትር ቤት ሥር፣ ፓርኪንጉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በነዚህ ዓመታት ከመቶ በላይ ቲያትር አይተዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያዩት አንድም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመልካች ሲመጣ መኪናውን ተቀብለው የሚያቆሙት እሳቸው ናቸው። አርፋጅ መቼም አይጠፋም፤ ስለዚህ እጃቸው ነፃ የሚሆነው ቲያትሩ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ፓርኪንጉን ለባልደረባቸው ለይልቃል አደራ ብለው ደረጃውን ይወጣሉ። በረኞቹ ስለሚያውቋቸው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው እንዲያዩ ይፈቅዱላቸዋል። ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ይወርዳሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ወጥቶ «መኪናዬ!» ሲል ይልቃል ብቻውን አይችለውማ።

እኔ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ትርሲት እባላለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ተናድጄ፣

«ጋሼ፣ ኦፍዎ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ሰኞ።»

«ታዲያ ሰኞ ቲኬት ገዝተው እንደ ሰው አይገቡም?»

«ሰኞ ቲያትሩም ኦፍ ነው» ብለው አረፉት።

አዲስ አበባ ሳሉ በቲያትር ቤት ደጅ አልፈው እንጂ ገብተው አያውቁም። ፍቅሩ የያዛቸው እዚሁ ነው። መጀመሪያ የገቡት እግራቸውን ሊያሳርፉ ነበር። እንግሊዝኛው በግማሽ ነው የገባቸው፤ ግን አንዲት ሴት መድረክ ላይ ቆማ ባሏን ስትለምን አይተው ያን ቀን እህል አልበላ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የተደገፏትን ግድግዳ የሚያስለቅቃቸው አልተገኘም።

መጨረሻውን የሚሰሙት ከባለ መኪኖቹ ነበር። ቁልፍ ሲያቀብሉ «እንዴት አለቀ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ታረቁ ይላል። ሌላዋ የለም፣ ተለያዩ ትላለች። ሦስተኛው ተኝቼ ነበር ይላል። ጋሼ ዘለቀ ከሰሙት ውስጥ ደስ ያላቸውን መርጠው በማግስቱ ሱቄ ይመጡና ሙሉውን በዓይናቸው እንዳዩ ሰው ያጫውቱኛል። እኔም ደንበኛ አስቁሜ እሰማለሁ። እውነቱን ልናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ያምር ነበር።

ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ሐሌታ ከዳላስ ደወለች። ቤት ገዝታለች፣ ለእሳቸውም ክፍል አዘጋጅታለች። ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ያለው ቤታቸው ኪራይ ደግሞ ጡረታ ሲወጡ ከሚያገኙት ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም። እሺ አሉ። እሺ ይበሉ እንጂ ልባቸው አልተረጋጋም፤ ሐሌታ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እናቷ ዘንድ ያደገች ናት፣ ከአባቷ ጋር ከሳምንት በላይ አንድ ጣራ ሥር ሰንብታ አታውቅም።

«ባንድ ቤት ስንከርም ብንኮራረፍስ?» አሉኝ።

«ምን በወጣዎ! መጨረሻውን ያሳምርልዎ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉና፣ «እሱን አይቼ አላውቅም እኮ» አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ትርሲት፣ ከመሄዴ በፊት አንዱን እንኳ እስኪያልቅ ባየው።»

አንጀቴን በሉት። ለእሑድ ከሰዓት ሁለት ቲኬት ገዛሁ፤ እሳቸውም ለዚያ ቀን ፈቃድ ወሰዱ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድን። እሳቸው በሙሉ ልብስ፣ እኔ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። መጋረጃው ሲከፈት እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «ለካ እንዲህ ነው የሚጀምረው» አሉ።

ቲያትሩ የአንድ ሽማግሌና የሴት ልጁ ታሪክ ነበር። ልጅቷ ከብዙ ዓመት በኋላ አባቷ ቤት ትመጣለች፤ አብረው ሊኖሩ ይሞክራሉ፣ በትንሽ በትልቁ ይጣላሉ። ምን ነክቶኝ ይህን መረጥኩ ብዬ ራሴን ረገምኩ። ቲኬት ስገዛ የት አውቄ!

ሊያልቅ ሲል ጋሼ ዘለቀ ሰዓታቸውን ሳያዩ ብድግ አሉ። ኮታቸውን ያዝኩ።

«ይቀመጡ እንጂ!»

«መኪናው…»

«ይልቃል አለ፣ ይቀመጡ!»

ከኋላችን ያለው ሁሉ እሽሽ አለን። ተቀመጡ፤ እግራቸው ግን መሬቱን መምታት አላቆመም።

መድረኩ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መብራቱ ጠፋ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ ዘለቀ አላጨበጨቡም።

«ሄደች?» አሉኝ።

«ሄደች።»

«በቃ? ሌላ የለውም?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀው ያገኙት ይኸው ነው።

መውጫው ላይ አንዲት ከዘራ የያዘች አሜሪካዊት አሮጊት አየቻቸው። ሁልጊዜ መኪናዋን የሚያመጡላት እሳቸው ናቸው። ከላይ መምጣታቸውንም ሙሉ ልብሳቸውንም ልብ አላለችው፤ እጃቸውን ይዛ እንደ ልማዷ መንገር ጀመረች። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጨለማው ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰምቷል አለች። ልጅቷ ደረጃውን መልሳ ስትወጣ። ብዙ ሰው ስላጨበጨበ አልሰማም እንጂ እሷ በደንብ ሰምታለች። ጋሼ ዘለቀ አንገታቸውን ደፍተው እስክትጨርስ አዳመጧትና አመስግነው ሸኟት።

መኪናዬ ውስጥ እንደገባን አላስቻለኝም።

«ለምን አይቼዋለሁ አላሏትም? የምን ኮቴ ነው? እኔ ምንም አልሰማሁ!»

ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ስንደርስ ስልካቸው ጮኸ። ሐሌታ ናት፤ የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለተከፈተ እኔም እሰማለሁ።

«አባዬ! ሶ፣ ሾዉ እንዴት ነበር? እስከ መጨረሻው አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንዴት አለቀ?»

ጋሼ ዘለቀ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«አባትና ልጅ ናቸው። ተጣልተው ሄዳ ነበር። ተመለሰች።»

«አይተሃል ስትመለስ?» አለች ቀስ ብላ።

እሳቸው አይቻለሁ ብለው ለመዋሸት አልደፈሩም። መሪውን ይዤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«እኔ ትርሲት ነኝ፣ የኔ እናት» አልኳት። «ኮቴዋን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»