በካልሲ የሸፈንኳት ጉብታ

ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ የምንጠግንበት ጋራዥ ስሠራ፣ በቀኝ እጄ አንጓ ጀርባ ላይ አንዲት ጉብታ በቀለችብኝ። መጀመሪያ ሽምብራ ታክል ነበር። ቁልፍ ሳጠብቅ ትጠዘጥዘኛለች፣ እጄን ሳሳርፍ ዝም ትላለች። በወሩ ብይ አከለች። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ፤ ራሴን ሲያመኝ እንኳ ኑዛዜ ያምረኛል። ሐኪም ሳያየኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በራሴ ሥልጣን «ካንሰር ነው» ብዬ ወሰንኩ።

ወስኜ ዝም ብል ጥሩ ነበር። የአሮጌ ካልሲ አንገት ቆርጬ አንጓዬ ላይ አጠለቅኩ። የሠፈር ልጆች «ኳስ ተጫዋች ሆንክ እንዴ?» ሲሉኝ «ፋሽን ነው» እላለሁ። በግራሶ የጠቆረ ካልሲ፣ ፋሽን! ማንም አላመነኝም፤ ግን ደግሞ ማንም ገልጦ አላየም።

መከራዬ ሰላምታ ነበር። የጋራዥ ሰው እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው፤ ስለዚህ የመጣ ሰው መዳፉን አይጨብጠውም። ጣትህን ወደ ታች አጥፈህ አንጓህን ትሰጠዋለህ፣ እሱም አንጓህን ይዞ ይነቀንቃል። በቀን ሠላሳ ሰው ይመጣል፤ ሠላሳውም የሚጨብጠው ጉብታዬን ነው። ስንት የሰውነት ክፍል ባዶውን ተቀምጦ እሷ የበቀለችው እዚያ! ኡኡ ማለት እያማረኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እላለሁ።

የጋራዡ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ አንድ ቀን ካልሲውን ገፎ አየብኝ። «ይቺማ ምን አላት፣ በወፍራም መጽሐፍ ከተመታች ድራሿ ይጠፋል» አለና የመለዋወጫ ካታሎጉን አነሳ። ለሐኪም ያልሰጠሁትን እጅ ለካታሎግ ሰጠሁ፣ እንግዲህ ጉድ በሉ። ሲያሳርፍብኝ ዓይኔ ጭልም አለ። ጉብታዋ ግን ወላሂ ጠፋች! ሳምንቱን ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ አንጓዬን ሳድል ከረምኩ። በሳምንቷ ተመለሰች፤ ያውም በልዛ።

ይህን ሁሉ የምደብቀው ለአንዲት ልጅ ስል ነው። አባቷ ሐጂ፣ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለቴም «እናስብበት» ብለዋል። በሽተኛ ነው የሚል ወሬ ከደረሳቸው ልጃቸውን አይሰጡኝማ! እሷም ራሷ ስለ ካልሲው ስትጠይቀኝ «ወለም ብሎኝ ነው» አልኳት። «አይዞህ» ብላ መታሻ ቅባት ገዝታ አመጣችልኝ። ቅባቱን ተቀበልኩ፤ እንደማያፍር ሰው።

አንድ ጠዋት ሐጂ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ እስከ ክርኔ ግራሶ ነኝ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። እጄ ቆሽሿል፣ ይቅርታ።»

«ታዲያ አንጓህን አምጣ እንጂ፣ ልጄ!»

ወደ ካልሲዬ ሲጠጉ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ግራዬን ልስጥ ብዬ አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። የሐጂ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ትንሽ አዩኝና እጃቸውን ሰብስበው ወጡ።

አለቃዬ ከባጃጅ ሥር ወጥቶ ጮኸብኝ፦ «አንተ ደንቆሮ! ሰውዬው እኮ እሺ ሊሉህ ነው የመጡት! ትናንት መስጊድ በር ላይ ነግረውኛል!»

በማግስቱ ወልቂጤ ሄድኩ። ቡታጅራ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም መብራቱን አጥፍታ ባትሪ አንጓዬ ላይ ስታሳርፍ፣ ጉብታዬ ውስጧ ቦግ ብሎ ቀላ። «አየህ፣ ብርሃን ታሳልፋለች። ውስጧ ፈሳሽ ነው፤ ከመገጣጠሚያህ የወጣ፣ ወፈር ያለ። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሰውም አይጋባም» አለችኝ። ብዙ ጊዜ በራሷ ትጠፋለች፤ ሕመሙ ከበረታ ወይም ጣት ካደነዘዘች ፈሳሹ በመርፌ ይመጠጣል፣ አልሆነም ከተባለ በቀዶ ጥገና ትወጣለች፤ ያም ሆኖ ልትመለስ ትችላለች አለችኝ። የካታሎጉን ነገር ስነግራት ግን ተቆጣች፤ «አጥንትህን ቢሰብርብህስ?» እውነቷን ነው፤ በኋላም ጉብታዋ በሁለተኛው ዓመት ማንም ሳይነካት ጠፋች።

ያኑ ቀን ከወልቂጤ ተመልሼ ከሚኒባስ እንደወረድኩ በሩጫ ሐጂ ቤት ደረስኩ። ገና ከበሩ «ሐጂ፣ ካንሰር አይደለም!» አልኩ። ደነገጡ። ካልሲውን አውልቄ ሁሉን ዘከዘክሁላቸው። አንጓዬን ይዘው ጉብታዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጓትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ለዚህች ብለህ ነው? እኔ እኮ የናቅከኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ!» አሉ። አውፍ ብለው ይቅር አሉኝ። ደስታዬ፣ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ልትፈነዳ ነበር።

ልጅቷ ሻይ ይዛ መጥታ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«ካንሰር ነው ብለህ ከልብህ አምነህ ነበር?» አለችኝ።

«ወላሂ አምኜ ነበር።»

«ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ለወራት ሠልጥኜበታለሁ። የዚያን ቀን ግን ከደስታዬ ብዛት እውነቱ አፈትልኮ ወጣ።

«ከሠርጉ በኋላ።»

ሐጂ ሳቃቸውን አቆሙ። እሷ ሻዩን ፊቴ አስቀመጠችና «አላህ ጤናህን ይስጥህ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፤ አልወጣችም። ሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ብልክ ሐጂ እሺ አሉ። እምቢ ያለችው እሷ ናት።