ሲግል ራሱን የሚያጠፋ ሳጥን

እስከዳር ያን እሑድ የሰው ቤት ልታቃጥል ለጥቂት ነው የተረፈችው። አከራይዋ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቅዳሴ ላይ ነበሩ። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ በኃይል ተመለሰ። ወንድሟ ከአልጋዋ ግርጌ ያስቀመጠባት ማሽን ጧ አለና ኃይል የምትሰጠው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይዋ፣ ጥቁር ጭስ ተፋች። ነበልባሉ ግድግዳውን ታኮ ወደ ላይ ወጣ። ኮርኒሱ ደግሞ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። እስከዳር የመብራቱን ብሬከር አውርዳ በብርድ ልብሷ እየደበደበች አጠፋችው። ቀና ብላ የጠቆረውን ጆንያ ተከትላ አየችው፤ በግድግዳው አናት አልፎ ሳይቆራረጥ ወደ እማሆይ ክፍል ይሄዳል።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በታይፎይድ በተኛችበት ወቅት አጥሚት እያጠጡ ያስነሷት እኒህ መነኩሴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግቢው ውስጥ የሚሄዱት ግድግዳ እየዳበሱ ነው። እሳት ቢነሣ በሩን እስኪያገኙ ማን ይጠብቃቸዋል?

እስከዳርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይገባውም። የሉማሜ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። በሯን ቆልፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ መቆለፉን ለማረጋገጥ ተመልሳ የምትገፋ፣ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ የምታርቅ ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሰው ክሪፕቶ ማይኒንግ ውስጥ የዶላት ወንድሟ ተስፋዓለም ነው። ማሽኑ ቀን ከሌት ሲያሰላ ይውልና በኢንተርኔት የሚሸጥ ዲጂታል ገንዘብ ያመጣል። የአዲስ አበባ አከራዩ ጩኸቱን አልችልም ስላሉት ጭኖ እህቱ ዘንድ አመጣው። እማሆይም ሲፈቅዱ፣ «ሥራ ካልፈታ ቢጮህ ምን ከፋኝ!» ነበር ያሉት።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ ማሽኑን በባጃጅ ጭና ገበያው አጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አወጣላት። አንዱ አዲስ፣ ቀላል፣ ተለጣፊው ላይ ትልልቅ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ሌላው ያገለገለ፣ የተፋፋቀ፣ ለማንሣት ሁለት እጅ የሚፈልግ።

«አዲሱን ውሰጂ እህቴ። ዋቱን አታዪም እንዴ?»

«የተጻፈውንማ አየሁት» አለች እስከዳር። «እዚሁ ማሽኑ ላይ ሰካውና ልየው።»

ባለሱቁ ፊቱን አጨፍግጎ ሰካው። ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር እስከዳር መዳፏን ገመዱ ላይ አድርጋ ቆመች። ስልኳ ጮኸ።

«ገዛሽ?» ተስፋዓለም ነው። «ማሽኑ በቆመ ቁጥር እኮ እየከሰርን ነው!»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለው? የሚሠራውን ይዘሽ ውጪ!»

ገመዱ መጀመሪያ ለብ አለ፤ ቀጥሎ ጋለ፤ ቀጥሎ እንደ ማስቲካ መላላት ጀመረ። ላስቲክ ላስቲክ ሸተታት። እስከዳር እጇን አንሥታ፣ «ንቀለው» አለች። ድምጿ ስለተለወጠ ባለሱቁ አልተከራከረም።

ከባዱን ሰኩት። ከምሳ በፊት የገባችው እስከዳር ባለሱቁ መዝጋት እስኪፈልግ እዚያው ቆመች። ገመዱ ወፍራም ነው፤ ለብ ከማለት አላለፈም። ማሽኑ ከሚፈልገው በላይ የሚችል፣ ከመጠን በላይ ሲግልም ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን አስመስክራ ገዛችው። ባለሱቁ የቤቷ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ መሆኑን ሲሰማ ፒንሳ አነሣ።

«የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር ልስበርልሽ። ሁሉም ሰው ሰብሮ ነው የሚጠቀመው።»

«እንዳትነካት!»

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ ሶኬቱን አስቀየረች፤ ከጓሮው ብረት አስቀብራ የምድር ሽቦ አስገባች። ማሽኑን ከግድግዳው አርቃ ሸክላ ጡብ ላይ አስቀመጠችው፤ ከበላዩ ያለውን ጆንያ ቀድዳ ቆርቆሮ አስመታች። ተስፋዓለም በስልክ፣ «ማሽን ነው ወይስ ታቦት ነው የምታስገቢው?» እያለ አላገጠባት። እሷ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐምሌ ገባ፤ የደብረ ማርቆስ ብርድም አጥንት ይሰብር ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆና ስልኳ ላይ ያለው የማሽኑ ምልክት ቀላ። ጠፍቷል። ቀና ብላ አምፖሉን አየች፤ በርቷል። የጎረቤት ልጅ ፅጌ ዘንድ ደወለች። ሰፈር ውስጥ መብራት አለ። እንግዲያው ሳጥኑ ራሱን አጥፍቷል፤ ግሏል ማለት ነው። ለምን ይግላል? እማሆይ ዘንድ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች። አይነሣም።

አለቃዋን ሳታስፈቅድ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ደርሶ ጎማው ጭቃ ውስጥ ዞረ።

«አያስወጣኝም እህቴ።»

ወርዳ ሮጠች። ጫማዋ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ግቢው ስትደርስ ጭስ የለም፤ የክፍሏ በር ግን ገርበብ ብሏል። ገፍታ ገባች።

እማሆይ ማሽኑን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ራሳቸውንም ማሽኑንም ሳጥኑንም አንድ ላይ ሸፍኗል። አይንቀሳቀሱም። እስከዳር ጮኻ ጋቢውን ገፈፈችው፤ ሳጥኑ ላይ ያረፈው ጥጥ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ሶኬቱን ነቀለችው።

«በስመ አብ! ማነው?» አሉ እማሆይ ብንን ብለው።

«እኔ ነኝ! እማሆይ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሊቃጠሉ እኮ ነበር!»

«ሸለብ አድርጎኝ ነው። ምን አጠፋሁ ልጄ? ሙቀቷ በከንቱ እንዳይሄድ ብዬ ሸፈንኳት እንጂ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚገቡት?»

«ዝናቡ ከገባ ወዲህ። አንቺ ስትወጪ በትርፉ ቁልፍ እገባለሁ፤ መምጫሽ ሲደርስ እወጣለሁ። ከሰሉን ደረቴ እንቢ አለኝ፤ እሳቱንም አላየውም። እሷ ደግሞ ጭስ የላት፣ ፍም የላት። ድምጿም ሰው ያለ ያህል ነው። ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ ብዬ…»

የእስከዳር ቁጣ በረደ። ገመዱን ዳብሳለች፣ ብረት አስቀብራለች፣ ጆንያ ቀድዳለች። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አሮጊት በዚህ ብርድ ቀኑን እንዴት እንደሚውሉት ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም። አፈረች፤ እንዲህ አፍራም አታውቅ።

ስልኳ ጮኸ። ተስፋዓለም ነበር።

«ምነው ጠፋ? ቶሎ አስነሺው!»

«አይነሣም። ነገ መጥተህ ውሰደው» አለችና ዘጋችው።

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ሞቃቱ ነፋስ ይወጣበት የነበረውን ቀዳዳ ፈለጉ። አገኙትና መዳፋቸውን ደቅነው ጠበቁ።

«ቆመች?»

«ቆመች፣ እማሆይ።»

«ነገስ?»

እስከዳር ከአጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱንም እግራቸውን ጭኗ ላይ አወጣችና በእጆቿ ያዘቻቸው። በረዶ ነበሩ።