አያ መንግስቴ አፋቸውን የከፈቱ ዕለት

አያ መንግስቴ የቢቸና ገበያ የበቅሎ ደላላ ናቸው። እሳቸው አፏን ሳይከፍቱ በቅሎ አትሸጥም። ከንፈሯን ገለብ አድርገው፣ ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ሲናገሩ ባለቤቷ እንኳ ጸጥ ይላል። የራሳቸውን አፍ ግን ማንም አያይባቸውም! ለወሬ ካልሆነ አይከፈትም፤ ለወሬማ ማን ይዘጋው!

ምላሳቸው ጎን ላይ ነጭ ቁስል ከወጣ ከርሟል። በአረቄ ይጉመጠመጡበታል፤ መድኃኒት መትፋት ነውር ነውና ይውጡታል። ባለቤታቸው እትዬ ስንቄ "ኧረ ሐኪም ይይህ!" ሲሉ መልሱ አንድ ነው፦

"አያመኝም! ደግሞስ ምላሴን ቢቆርጡብኝ በምኔ ልደልል? በጅራቴ?"

አንድ የገበያ ቀን ምናለ የሚባል ገበሬ በቅሎ አመጣ። አያ መንግስቴ ከንፈሯን ገለብ አድርገው ጮኹ፦

"ቁስል! ሳይድን የከረመ ቁስል! ይህችን ማን ይገዛል?"

"ኧረ ትናንት ልጓም ልጧት ነው!" ቢል ምናለ፣ ማን ሰምቶት።

እትዬ ስንቄ እዚያው ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ብድግ አሉና የባላቸውን አገጭ ጨበጡ።

"ክፈት!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ያያል!"

"ይይ! ክፈት አልኩህ!"

ገበያው ከበባቸው። ምናለ አንገቱን አስግጎ አየ።

"ወይ ጉድ! የእኔዋስ የትናንት ነው፤ የእሳቸው ከርሟል። በበቅሎዬ ለውጥ ቢሰጡኝም አልወስዳቸው!"

ሁሉም ሳቀ። አያ መንግስቴ ለበቅሎ የፈረዱት ፍርድ ግን ዞሮ በራሳቸው አፍ ገባ። ቀስ ብለው "እሺ፤ ቢቸና ግን ሁሉ ያውቀኛል። ሞጣ ውሰጂኝ" አሉ።

ሞጣ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አገጫቸውን ይዛ ምላሳቸውን በጨርቅ ሳበች፤ ጉንጫቸውንና አንገታቸውን ዳሰሰች።

"ስንት ዓመት አገኘሽብኝ?"

"ዕድሜዎን አይደለም የምፈልገው፣ አባቴ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት፣ ባያምም መታየት አለበት።"

"እኔ እኮ በአረቄ እያከምኩት ነው!"

"አረቄ ራሱ እንዲህ ያለውን ቁስል ከሚያመጡት አንዱ ነው።"

እትዬ ስንቄ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ከቁስሉ ቆንጥራ የወሰደችው ናሙና ውጤት ሲመጣ ግን የሳቀ የለም፤ ካንሰር ነው። ደግነቱ ገና ጅምር ነው! ባሕር ዳር ሄደው ከምላሳቸው ጠርዝ ጥቂት ተቆርጦ ወጣላቸው። የተረፈው ምላስ ለሦስት ደላላ ይበቃል።

ገበያ ሲመለሱ ምናለ በቅሎውን ይዞ ጠበቃቸው።

"ይዩዋት፣ የእኔዋ ድናለች። እርስዎስ?"

አያ መንግስቴ አፋቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ። ምናለም ከንፈራቸውን ገለብ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ መርምሮ አወጀ፦

"ድነዋል! አሁንስ እገዛቸዋለሁ!"

ከነጭ ሽንኩርቱ ክምር ኋላ ድምፅ መጣ፦

"አይሸጥም!"