ያላረፍሁባቸው ቀናት

ማራቶኑን ያቋረጥሁት በዕድሜዬ ምክንያት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሲያምን ዝም አልሁ። ዝምታ ልማዴ ነው፤ ብዙ ዓመት ግእዝ ሳስተምር ከክፍል ውጭ የተናገርሁት ጥቂት ነው። ያኛው ዝምታ ግን ልጄን የሚጎዳ ነበር።

ልጄ የስፖርት መምህርት ናት። ጡረታ ወጥቼ ከቤት መዋል ባበዛሁ ጊዜ የአምስት ወር የማራቶን ልምምድ ዕቅድ አዘጋጅታ ሰጠችኝ። ዕቅዱ ለእኔ ብቻ የታሰበ አልነበረም። በትምህርት ቤቷ ያሉ በዕድሜ የገፉ መምህራን ‹‹እስቲ በአባትሽ እንየው›› ብለዋት ነበር። እኔ በደኅና ከጨረስሁ እነርሱም ይጀምራሉ፤ ካልሆነም ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ዐውቅ ነበር።

በዕቅዱ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ‹‹ዕረፍት›› ተብሎ ተጽፏል። እኔ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በቃል የሚያዘው ትምህርት፣ ቀለም የምንለው፣ ሳይደገም ካደረ እንደሚጠፋ በአለንጋ ተምረናል። ስለዚህ ዕረፍት የሚለውን ቃል ባየሁ ቍጥር የስንፍና ሌላ ስሙ ይመስለኛል። ልጄ ወደ ሥራ ስትሄድ ጫማዬን አጥልቄ ከሰፈራችን በላይ ያለውን የቁስቋምን ዳገት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ቀንም ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ከደጃቸው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ቄስ ሁልጊዜ ያስቆሙኛል።

‹‹ዛሬም? ማን እያሳደደህ ነው?››

‹‹ሥጋዬ ነው፣ አባ።››

‹‹እንግዲያው ምን ያስሮጥሃል? አብሮህ ነው የሚደርሰው!››

እስቃለሁ። ከዚያም ቤት ገብቼ በልምምድ ደብተሩ ላይ፣ ሰው በሚያደንቀው የእጅ ጽሕፈቴ፣ ‹‹ዐረፍሁ›› ብዬ እጽፋለሁ።

ሌላም ስሕተት ነበረኝ። ልጄ የገዛችልኝን የእጅ ሰዓት አላሰርሁትም። ዳዊትን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ስለምደግም፣ ሩጫዬን የምለካው በእርሱ ነበር። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በረጋ ሩጫ አንድ ንጉሥ በልቤ ስደግም ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደምሄድ በልምምድ አረጋግጬ ነበር። ከዚህ የታመነ ሰዓት ያለ አልመሰለኝም።

ውድድሩ ከኮላ ድባ ሜዳ ተነሥቶ፣ በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ ነበር። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ጧቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጎረምሳው ሁሉ ከኋላዬ ይገፋል። እህል የሚያጭዱ ገበሬዎች ቀና ብለው ያዩናል።

‹‹አያ፣ በሬ ጠፍቶብዎ እንደሆነ በዚህ አላለፈም!›› አለኝ አንደኛው።

‹‹ተወው፣ ሸጋ ይሮጣሉ!›› አለው ሌላው።

ያች ‹‹ሸጋ›› የምትል ቃል ሳትገፋኝ አልቀረችም። ሆኖም በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ስደርስ የምደግመው መዝሙር በዚያ ልደርስበት የሚገባኝ ነበርና ልቤ ጸጥ አለ። እግሬ ሲፈጥን በልቤ የምደግመውም አብሮ መፍጠኑን አላስተዋልሁም። ሁለት የሳቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ስለ ተስማሙ ብቻ እውነት መሰለኝ።

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ልጄ የበሶ ውኃ ይዛ ጠበቀችኝ።

‹‹አባዬ፣ ምነው? ግማሽ ሰዓት ቀድመዋል!››

‹‹ልኬ ላይ ነኝ።››

‹‹ሰዓቱን አላሰሩ፣ በምን ዐወቁ? ይቀንሱ እባክዎ!››

አልቀነስሁም። አዘዞን አልፌ ዳገቱ ሲጀምር ጭኔ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደኝ። በዕረፍት ቀኖቼ ሁሉ ስወጣው የኖርሁት የቁስቋም ዳገት ያበረታኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለዚያ ቀን የሚያስፈልገኝን ጉልበት ቀድሞ ጨርሶታል። ከመዝሙሩ አንዱን ኀይለ ቃል ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋኝ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የአዘጋጆቹ ማኪና መጥታ እስክታነሣኝ ድረስ መነሣት አልቻልሁም።

ጎረቤት እየመጣ ‹‹ዕድሜ ነው›› እያለ አጽናናኝ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። የዕቅዱን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ይዛዋለች።

‹‹ለመምህራኑ ይቅርባችሁ ልላቸው ነው›› አለች። ‹‹አንድ ቀን ሳያጓድሉ እንደ ጻፍሁት ሠርተው እንዲህ ከሆኑ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሞቱብኝ ኖሮስ?››

እጄን ይዛ ታባብለኝ ነበር። ያን አልቻልሁትም።

‹‹አላረፍሁም›› አልሁ።

‹‹ምን አሉ?››

‹‹ዐረፍሁ ብዬ በጻፍሁባቸው ቀናት ቁስቋም ዳገት ላይ ነበርሁ።››

እጄን ለቀቀችው። ተነሥታ ደብተሩንና እስክሪብቶ አመጣች። ቀኑን ትጠራለች፤ እኔ እመልሳለሁ፤ እርሷ ትሰርዛለች።

‹‹የመጀመሪያው ማክሰኞ?››

‹‹ሮጥሁ።››

‹‹ዐርቡስ?››

‹‹ሮጥሁ።››

‹‹ይኼኛው ፍልሰታ ነው። ጾመው?››

‹‹ጾሜ።››

‹‹ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ?››

‹‹ሳልቀምስ።››

ገጹን ገለበጠች፤ ሌላም ገለበጠች። ‹‹ይኸኛውስ?››

‹‹ያን ቀን እውነት ነው፤ ዐርፌያለሁ።››

‹‹ምነው፣ ታመው ነበር?››

‹‹በረዶ ጥሎ ነበር።››

ልትስቅ ከጀላት፤ ግን ተወችው። እስክሪብቶውን ከደነች። ‹‹እንግዲያው ይህን ዕቅድ እስካሁን ማንም አልሞከረውም›› አለች።

‹‹ማንም›› አልሁ።

የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ በመዳፏ አቃናችውና ከቦርሳዋ ከተተችው። እንደ ገና ይሞክሩልኝ አላለችኝም፤ እኔም ልሞክርልሽ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

‹‹ለመምህራኑ ምን ትያቸዋለሽ?››

‹‹እውነቱን። አባቴ አልሠሩበትም፣ ደብተሩን በሐሰት ነው የሞሉት እላቸዋለሁ። አለዚያ አያምኑኝም።››

ከእነዚያ መምህራን ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ፤ በፈተና ሲኮርጁ ይዤ በክፍል ፊት ወረቀታቸውን የቀደድሁባቸው።

‹‹ንገሪያቸው›› አልኋት።