የአዳዳ ግማሽ ተራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመልካሳ ወዲያ አዋሽ ዳር፣ ተረት የምንሰማው የውሃ ተራ ስንጠብቅ ነበር። በፓምፕ የሚሳበው ውሃ በአንድ ቦይ እየዞረ ለየማሳው ስለሚደርስ፣ ተራችን እስኪመጣ አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ድንች ማሳዋ ዳር የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድዳ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አጠገቧ ታስቀምጠን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥልም ትንኙን ስለሚያባርርልን አንጠላውም ነበር።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ስሙ!» ትልና፣ አንድያ ልጇን ከመውደዷ የተነሳ ሌት ተቀን ስታጎርሰው የኖረችውን ሴት ተረት ትጀምራለች። ልጁ ወፍሮ ወፍሮ በበር መውጣት አቃተው፤ ቤቱ በእሳት ሲያያዝ እናት ወጣች፣ ልጅ ቀረ። ያኔ እኔ ለልጁ አለቅሳለሁ፣ ወንድሜ «ግድግዳውን አያፈርሱትም ነበር?» እያለ ይሟገታል። አዳዳ ፍሙን እየቆሰቆሰች «ድንችም እንደዚያው ነው» ትለኛለች። «አፈር ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል። ካጥለቀለቅሽው ታፍኖ ይበሰብሳል።»

በሰፈራችን ልማድ ግን ተራ የደረሰው ሰው ትልሙ እስኪሰጥም ያጠጣል። ነገ ፓምፑ ይሥራ አይሥራ ማን ያውቃል? የደረሰውን ውሃ አሟጦ ያልወሰደ እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። አዳዳ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰክታ ትዳስስና፣ ሥሩ ድረስ ከራሰ፣ ተራዋ ሳይጋመስ ቦዩን በጭቃ ዘግታ የቀረውን ለጎረቤት ትለቃለች። ድንቹ አብቦ ከሥር በሚቋጥርበት፣ ውሃ በማይቀርበት ሰሞን ደግሞ ተራዋን ሊዘል የሞከረ ወዮለት! መንደርተኛው በዚህም በዚያም ያማት ነበር።

ከሁሉ የባሰው ጋሽ ቱሉ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነበር። ማሳዋን ይመኘዋል። «ውሃ እየገፋች የወንድሜን መሬት ልታደርቅ ነው። ዘንድሮ ድንቹ ካልያዘላት ለእኔ ትልቀቅ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ።

አንድ ምሽት አዳዳ ቦዩን ገና ከመዝጋቷ፣ በአጎራባች ማሳው ድንቹን ሲያጠጣ የነበረው ጋሽ ቱሉ ዶማውን ይዞ መጣና «የወንድሜ መሬት ይጠጣ!» እያለ ጭቃውን ናደው። ውሃው በፋኖሱ ብርሃን እያብለጨለጨ ወደ ትልማችን ሲገሰግስ አዳዳ ዘላ ገብታ በተናደው አፍ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ቱሉ፣ ታላቄ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ውሃው ግን እኔን ጥሎ ካልሆነ አይገባም። ዲሳ! ይተዉት!»

እኔና ወንድሜ ማንም ሳያዘን ጭቃ በእጃችን እየዛቅን በእግሮቿ ዙሪያ ደፈንነው። እሱም እየተራገመ ሄደ። ፈርቼ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ድንቹ በሚወጣበት ቀን ጋሽ ቱሉ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። የራሱ ማሳ ከጎን ተቆፍሮ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ግማሹ ድንች ሲነካ ይፈርጣል። አዳዳ መቆፈር ጀመረች። ቆዳው የጠራ፣ እጅ የሚሞላ ድንች ከየትልሙ ይወጣ ጀመር። አንዱን አንስታ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችና ለሽማግሌዎቹ ዘረጋችው።

«ያኔ ዝም አላችሁ። አሁን ተናገሩ።»

አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና «መሬቱ የእሷ ነው» አለ።

«ድንቹ ባይዝም የእኔ ነበር» አለችው።

ዛሬ እኔም አዳማ አጠገብ ድንች አለማለሁ። ቦዬን በጊዜ ስዘጋ የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ፣ ጥርስ አያልቅባቸውም። ውሃውን መመጠን ከአዳዳ ተምሬ ጨርሻለሁ። አሁንም የምመላለስበት የመጨረሻ ቃሏ ነው። በዚያ ዓመት በረዶ መትቶት፣ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ፣ ድንቿ ሳይዝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሽማግሌዎች ምን ይሉ ነበር? ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ፤ «መሬቱን ለቱሉ ልቀቂ»። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያናድደኛል፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።