ለአራት ሰው የተሰፋ ድንኳን

አባቴ አብረውን መሄድ ይፈልጉ ነበር። ይህን መጀመሪያውኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ያኔ ከሦስታችን አንዳችንም አልገባንም፤ ዛሬ ደግሞ ያ ጉዞ በተነሣ ቁጥር ሌላው ሁሉ ተረስቶኝ ትዝ የሚለኝ ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፖስተር ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የሚቆይ የሙዚቃ ድግስ ሊደረግ ነው ይላል። ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ድንኳን ይዞ መጥቶ እዚያው ማደር እንደሚቻልና የመኪና ማቆሚያም እንደተዘጋጀ ተጽፏል። ያን ጊዜ እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኮንሰርት የሚባለውን ነገር የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ግን አዲስ አበባ ስለተማረ በሁሉም ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ፖስተሩን ደጋግሞ አነበበና «ይኼ ነገር ያለ ፕላን አይሆንም» አለ።

ሦስተኛው ጓደኛችን የቡሬ ልጅ ነው። አባቱ እህል ነጋዴ ናቸው። ፋሲካ በመጣ ቁጥር እናቴ የራሱን ዶሮ በራሱ እጅ እያሳረደች የምታበላው፣ ከቤተሰብ የማይለይ ሙስሊም ወንድማችን ነበር። የአባቱን ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ይዞ ሊመጣ ቃል ገባልን። መኪና ከተገኘ በኋላ የቀረው ፕላኑ ነው። ፕላኑ ደግሞ ጊዜያችንን ሁሉ በላው ማለት ይቻላል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ከገበያው ዳር ነው። ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ ስለነበራቸው ስብሰባችን ሁሉ እዚያ ሆነ። እሳቸው ጨርቅ በሚያሰምሩበት የሳሙና ቁራጭ ሜዳውን ጠረጴዛው ላይ ሣልነው። ማናችንም አይተነው የማናውቀውን ሜዳ ማለቴ ነው። በሩ በዚህ በኩል ነው፣ መድረኩ በዚያ በኩል ነው እያልን ተከራከርን። አስተማሪው ጓደኛዬ መኪናው በሩ አጠገብ ይቁም፣ ሰው ሳይወጣ እንወጣለን ይላል። የቡሬው ልጅ ደግሞ የለም፣ ድንኳኑ ሥር ይቁም፣ የአባቴ መኪና አንድ ነገር ብትሆን እኔን ቡሬ አታገኙኝም ይላል። ውኃ የት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ተጨቃጨቅን። እኔም ከማንም አላንስም፤ አንድ ቀን ስለ ድንኳን ካስማ ስከራከር ድምፄ ገበያው ድረስ ተሰማ ብለው ሳቁብኝ።

አባቴ ማሽናቸው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ይመታሉ። ወሬያችን የጣማቸው እንደሆነ ፔዳሉ ይቆማል። ስለ መኪናው ማቆሚያ ስናወራ ሁልጊዜ ይቆም ነበር።

«እቃውንስ ማን ይጠብቀዋል?» አሉን አንድ ቀን።

«ጥበቃ አለ ተብሏል፣ አባባ» አልኩ።

«ጥበቃ! ኸዚያ ሁሉ ሰው መኻል የሰው ጥበቃ ምን ያደርግላችኋል? የራስ ሰው ነው እንጂ። ወጣት ደሞ እቃ አይጠብቅም፣ ልቡ ጨዋታው ጋ ነው። ትልቅ ሰው ቢቀመጥ ነው የሚሻለው።»

«ግድ የለም፣ አይስጉ አባባ» አለ አስተማሪው ጓደኛዬ። እሳቸውም «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ለንግሥ ራቅ ያለ ገዳም ሲኬድ ድንኳን ተጥሎ ይታደራል። ወጣቱ ወደ ማኅሌቱና ወደ ጭፈራው ሲሄድ ከመካከል አንድ ትልቅ ሰው ስንቁንና በቅሎዎቹን ይጠብቃል። ይህ ሰው ግን «እኔ ልሂድላችሁ» ብሎ አይነሣም፤ ያሳፍረዋል። ወጣቶቹ ናቸው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚለምኑት። እሱ «ኧረ እኔ ደክሜያለሁ» ይላል፤ እንደገና ይለመናል፤ እንደገና እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ እያጉረመረመ ጋቢውን ያነሣል። ሁላችንም ይህን ደንብ እያየን ነው ያደግነው። ለዘፈን ጉዞም ይሠራል ብሎ ያሰበ ግን ከሦስታችን አንድም አልነበረም።

ማሰቡስ እንዴት ይመጣል? አባቴ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ናቸው። ማሽኑ አጠገብ ሬዲዮ አለቻቸው፤ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ታዘፍናለች። የንስሐ አባታቸው ብቅ ሲሉ ግን አባቴ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ድምፁን ይቀንሱታል፤ አያጠፉትም፣ ይቀንሱታል። እንዲህ ያለን ሰው ልጁ ተነሥቶ «ኑ ዘፈን እንሂድ» ቢለው ድፍረት ነው። እኛ ያከበርናቸው መስሎን ነበር።

ፖስተሩ ላይ ከነበሩት ዘፋኞች አንዱ በአባቴ የወጣትነት ዘመን በሬዲዮ የታወቀ ሽማግሌ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ መቀሱን አስቀመጡት።

«እሱ ሰውዬ አሁንም ይዘፍናል እንዴ? ድምፁ አለ?»

«ለትልልቅ ሰዎች ብለው ነው ያስገቡት፤ እኛን እንኳ እሱ አይደለም የሚስበን» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መቀሱን አነሡ።

አሁን የቀረን ድንኳኑ ነው። የቡሬው ልጅ የእድሩን ድንኳን እንዋስ ሲል አባቴ ተቆጡ። «የለቅሶ ድንኳን ለዘፈን አይጣልም! እኔ እሰፋላችኋለሁ።» ከአንድ ሹፌር የጭነት መኪና ሸራ አመጡ፤ ያረጀ ነው፣ ግን ወፍራም። ከዚያ ሱቁን ጠራርገው «በሉ ተኙ» አሉን። ሰው እንደ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲለካ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሦስታችን ጎን ለጎን ተጋደምን፤ እሳቸው በሜትራቸው ከራስ እስከ እግር፣ ከዳር እስከ ዳር ለኩን። ሲጨርሱ ኮታቸውን አውልቀው መጥተው ጫፉ ላይ፣ እኔ አጠገብ ጋደም አሉ።

«ምነው አባባ?»

«እስቲ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው» አሉና ጣሪያውን እያዩ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት የአባቴን ትከሻ እንዲያ የነካሁት ልጅ ሆኜ ሳለሁ ነው።

የመሄጃችን ቀን ጧት ፒክአፗ ከቡሬ መጥታ ደጃችን ቆመች። አባቴ ለንግሥ ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው፣ የታጠበ ጋቢ አጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ። ለቅሶ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

«ቡሬ ድረስ ብትወስዱኝ፣ ክር የምገዛው አለ» አሉ።

ክር ፍኖተ ሰላም ጠፍቶ ነው? ያን ጊዜ ይህን አልጠየቅሁም። የኋላ መቀመጫው ላይ ጀሪካኑንና ከሰሉን ጭነን ስለነበር ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እንውሰድልዎት ብንል «ተዉት፣ ይመቸኛል» አሉ። እስከ ቡሬ ድረስ ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቼያቸው አላውቅም። ማንኩሳን ስናልፍ በወጣትነታቸው በእግራቸው ንግሥ ሲሄዱ የት እንዳደሩ፣ ማን ማሲንቆ ይመታ እንደነበር፣ ዝናብ እንዴት አድርጎ ድንኳናቸውን እንደገለበጠው እየነገሩ አሳቁን። የመኪናውን ወንበር መታ መታ አድርገው «ሰፊ ናት» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ለእቃ አመቺ ናት» አለ አስተማሪው።

ቡሬ መገንጠያው ላይ ቆምን። የቡሬው ልጅ፣ ጨዋ ነውና፣ ወርዶ በር ከፈተላቸው፤ ጀሪካኑንም ተቀበላቸው። አባቴ ከወረዱ በኋላ እጃቸውን ከመኪናው በር ላይ አላነሡም። እኔን አዩኝ፣ ድንኳኑን አዩ።

«እንግዲህ... መንገዱን ቀና ያድርግላችሁ።»

«አሜን አባባ፣ ሚኒባሱ እዚያ ማዶ ነው የሚቆመው» አልኳቸው። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው! ዞር ብዬ ሳይ ጋቢያቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል፤ እጄን አወዛወዝኩላቸው፣ እሳቸውም አወዛወዙ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ጠረጴዛ ላይ የሣልነው ሜዳና እውነተኛው ሜዳ አልተገናኙም። በር ያልነው አጥር ነው፤ መድረክ ያልነው ረግረግ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ልጅ በፊሽካ እየነዳ ከሁለት መኪኖች መካከል አስገባንና ድንኳናችሁን እዚሁ ጎኑ ጣሉ አለን። ስንዘረጋው ቦታው አልበቃ አለ። ድንኳኑ ለእኛ ሰፋ፣ ለቦታው ደግሞ ተረፈ። አንዱን ጎን ወደ ውስጥ አጥፈን ጀሪካኑን ጫንበት። አስተማሪው ጓደኛዬ «አባትህ ልኬት ተሳስተዋል» አለ። እኔም «አርጅተዋል እኮ» አልኩ። ይህችን ቃል ባላልኳት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጥበቃ የተባለውም አልነበረም። ገና ከመድረሳችን ከጎናችን የቆመ መኪና መስተዋቱ ተነቅሎ ተገኘ። የቡሬው ልጅ አመድ መሰለ። ተራ እየገባን ለመጠበቅ ወሰንን፤ ግን ወደ መድረኩ የገባ ሰው በዚያ ሕዝብ መካከል ተመልሶ አይወጣም። እውነትም የወጣት ልብ ጨዋታው ጋ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ነበር፤ የሚተካኝ አልመጣም። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ያ ሽማግሌ ዘፋኝ ጀመረ። ድምፁ በነፋሱ እየተቆራረጠ መኪናዎቹን አልፎ ይመጣል። አጠገቤ ካሉት መኪኖች አንዱ ውስጥ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰውዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዘፋኙ ጋር አብረው ያንጎራጉራሉ፤ ልጆቻቸው እቃ እንዲጠብቁላቸው ይዘዋቸው መጥተው ነው። አየኋቸው፣ ሰላም አልኳቸው፤ አሁንም አልገባኝም።

ቤት ስመለስ ጠቅላላውን ለእናቴ ተረኩላት። ሜዳውን፣ መስተዋቱን፣ ድንኳኑ ሰፍቶብን እንደተቸገርን። እሷ እስክጨርስ ሰማችኝና «ጋቢውንስ አላያችሁም?» አለችኝ።

«የቱን ጋቢ?»

«ክር ሊገዛ ጋቢ ይዞ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ክር እንደሆነ ሱቁ ውስጥ በካርቶን ሙሉ አለ። ስንቃችሁንስ ለአራት ሰው ነበር የቋጠርኩት። ስትለምኑት ያን ያህል እንዳይግደረደር እኔ ራሴ መክሬው ነበር። ማታ በሚኒባስ ሲመለስ ‹ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸው ነው› አለኝ።»

የሱቁ ወለል፣ ጣሪያውን እያዩ የሳቁት ሳቅ፣ ጭናቸው ላይ የያዙት ጀሪካን፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አፈርኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ። በእሳቸውም ተናደድኩ፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት? እኔስ አንድ ቃል ብናገር? በመካከላችን የቆመው ክብር የሚባለው ነገር ለማናችንም አልጠቀመም።

ወዲያው ወደ ሱቅ ሄድኩ። በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንሂድ ልላቸው ነው፤ እምቢ ቢሉኝ ደግሞ እስኪሰለቻቸው ልለምናቸው። የንስሐ አባታቸው ቢኖሩም እዚያው ፊታቸው ልናገረው ቆርጬ ነበር።

ሬዲዮዋ ታዘፍናለች። አባቴ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ማሽኑ ላይ አጎንብሰዋል፤ ድንኳኑ ጭናቸውን ሸፍኖ መሬት ድረስ ተዘርግቷል። የቡሬው ልጅ እኔን ቤት አድርሶ ድንኳኑን ሱቅ ሲያወርደው ሰፋብን ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። ከዳሩ የተቆረጠው ሸራ፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ስፋት ያለው፣ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«መጣህ? እሱ ሰውዬ ዘፈነ?» አሉኝ።

«ዘፍኗል። እኔ እቃ ስጠብቅ ከሩቅ ነው የሰማሁት።»

«ከሩቅም ቢሆን ጥሩ ነው። ድምፁ አለ?»

«አለ» አልኩ። ከዚያም «አባባ፣ በሚቀጥለው አብረን እንሂድ። እርስዎ ካልመጡ እኔም አልሄድም» አልኳቸው።

ፔዳሉ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸው እግራቸው ሥር ወዳለው ጥቅል ሸራ ሄደ።

«ምነው ቀደም ብለህ በነገርኸኝ» አሉ። «አሁንማ አጠበብሁት።»